ቀዶ ጥገና የተደረገላትን እስስት ጎንደር ውስጥ ማስታመም

ቀዶ ጥገናው ተሳክቶ፣ ስፌቱ አምሮ እስስቷ ልትሞት ትችላለች። ብርድ፣ ጥማትና የሰው እጅ ብዛት ይገድሏታል። ሦስቱም ደግሞ በሐኪሙ ሳይሆን በእኛ በአስታማሚዎቹ እጅ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ከመድኃኒቱም ከምግቡም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እስስት ካልሞቀች አትድንም።

ምክንያቱ ይህ ነው። እስስት እንደ እኛ ከውስጧ ሙቀት አታመነጭም። የምትሞቀው ከፀሐይ ወይም ከአካባቢዋ ነው። ሰውነቷ ሲበርድ የምግብ መፈጨቱ፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ፣ የቁስሏ መጠገን ሁሉ ይዘገያል። የተወጋችው መድኃኒት እንኳን በቀዘቀዘ ሰውነት ውስጥ በወጉ አይሠራም። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀን ፀሐዩ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ይበርዳል። በክረምትማ ቀኑም ደመና ነው። ጤነኛ የደጋ እስስት ይህን ለምዳዋለች። የታመመችና የተሰፋች ግን እንደ ጤነኛዋ መቋቋም አትችልም።

ከሐኪሙ ሳትለዩ

በአገራችን አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም ሥራ ከከብት፣ ከበግና ፍየል፣ ከአህያና ከውሻ ጋር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ከብዙ ከተሞች ይልቅ እዚህ ምክር ማግኘት ይቀላል። ቢሆንም ሐኪሙን ማገዝ የእናንተ ድርሻ ነው። ጥያቄያችሁን ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። በጭንቀት ሰዓት ጥያቄ ይጠፋል።

ምን ተቆረጠ፣ ምን ወጣ? ስፌቱ በምን ዓይነት ክር ነው፣ መቼስ ይወጣል? የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? መጠኑ በሚሊ ሊትር ስንት ነው? በስንት ሰዓቱ ይሰጣል? በየት በኩል ይወጋል? ምግብ መቼ ልጀምርላት? ማታ ችግር ቢፈጠር ለማን ልደውል? መልሱን እዚያው ጻፉት። ክብደቷንም በግራም አስመዝኑና ያዙ። ኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ስለ ስፌቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድመት ወይም የውሻ የቆዳ ስፌት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። የእስስት ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የተሳቢ እንስሳት ቆዳ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው። በሁለት ሳምንት «ድኗል» ብላችሁ እንዳታስወጡት። የቁስሉ ጠርዝ ወደ ውጭ የተገለበጠ ቢመስላችሁም አትደንግጡ። ቆዳቸው ወደ ውስጥ የመታጠፍ ጠባይ ስላለው ሐኪሞች ሆን ብለው እንዲህ ይሰፉታል።

ወደ ቤት ስትወስዷት ባጃጅ ላይ በእጅ ይዛችኋት አትሂዱ። ትንሽ ካርቶን ብሱ፣ ውስጡ ያረጀ ቲሸርት አንጥፉ፣ ክዳኑን ዝጉ። ጨለማው ያረጋጋታል። ሙቅ ውሃ የያዘ የሃይላንድ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አድርጉላት። ሌላው ጎን ነጻ ይሁን፤ ከበዛባት እንድትሸሽ። ማደንዘዣው ገና ካለቀቃት ግን ራሷ መሸሽ ስለማትችል ጠርሙሱ አይንካት።

ማረፊያዋን አዘጋጁ

ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት ጨርሱት። የማገገሚያ ሳጥን ትልቅ መሆን የለበትም። ትልቅ ሲሆን ትወጣለች፣ ትወድቃለች፣ ስፌቷም ይፈታል። በአራት ጎኑ ነፋስ የሚያስገባ፣ ከፍታው ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ የእንጨት ፍሬም ይበቃል። ለመሸፈኛ መስኮት ላይ የሚመታውን የፕላስቲክ ወንፊት ተጠቀሙ።

አጎበር ግን አታድርጉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሁላችንም ቤት ስላለ ነው። የወባ መከላከያ አጎበሮች በፀረ ተባይ የተነከሩ ናቸው። ያ ኬሚካል ለእስስቷ አይሆናትም፤ የምትበላቸውን ነፍሳትም ይገድላል። ባይነከርም እንኳ ጥፍሯ በስስ ክሩ ይያዛል።

ለመቆሚያዋ የወይራ ቅርንጫፍ ጥሩ ነው። ጠንካራ ነው፣ ቅርፊቱም ለእግሯ መያዣ ይሰጣል። ጥድ ሙጫውና ሽታው ስለሚከብድ ይቅር። ቅንጭብና ቁልቋል ጨርሶ አይታሰቡ፤ ወተታቸው ዓይን ይጎዳል። ቅርንጫፉን አግድም አድርጋችሁ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ውፍረቱ እግሯ ዙሪያውን ሊይዘው የሚችል ይሁን። በሳጥኑ አንድ ጎን ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ጨምሩላት፤ የምትደበቅበት ስታገኝ ትረጋጋለች።

ወለሉ ላይ አፈር፣ ሰጋቱራ፣ ሣር አይኑር። ነጭ ወረቀት ወይም ሶፍት አንጥፉ፣ በየቀኑም ቀይሩ። ነጭ ወረቀት ደም፣ ፈሳሽና ሽንቷን ያሳያችኋል።

ሙቀት

ለደጋ እስስት ቀን ላይ የሳጥኑ አየር ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ የምትሞቅበት አንዱ ቦታ ደግሞ ከ29 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። በማገገሚያዋ ጊዜ ሌሊቱም ከ18 በታች እንዳይወርድ ሞክሩ። ሐኪሙ ሌላ ቁጥር ከሰጣችሁ የሐኪሙን ተከተሉ፤ የቆላ ዝርያ ከሆነች ፍላጎቷ ከፍ ይላል። ዲግሪውን በግምት አታውቁትም። ባለ ገመድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች ስለሚጠቀሙበት እነሱን ብትጠይቁ ከየት እንደሚገኝ ይነግሯችኋል።

ለቀኑ ሙቀት የድሮው ዓይነት ባለ ክር አምፖል ይሆናል። ኤልኢዲ አምፖል ያበራል እንጂ ለዚህ የሚበቃ ሙቀት አይሰጥም። አምፖሉ ሁልጊዜ ከሳጥኑ ውጭ፣ ከላይ ይሁን። እስስት ጀርባዋ እየተቃጠለ እንኳን ላትሸሽ ትችላለች። እጃችሁን እሷ በምትቆምበት ቦታ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ለእናንተ ካቃጠለ ለእሷም ያቃጥላል።

ሌሊት መብራት አይበራም። ቀይም ቢሆን አይሆንም፤ እንቅልፍ ትፈልጋለች። ሳጥኑን ሦስት ጎን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፤ አራተኛው ለአየር ይተው። በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከሳጥኑ ጎን፣ ከውጭ በኩል አስደግፉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሞልታችሁ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ መቀየር ሊኖርባችሁ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይህ ድካም ዋጋ አለው። መብራት ሲጠፋ ቀንም በዚሁ ትሠራላችሁ፤ ስለዚህ ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ ሁልጊዜ ዝግጁ ይሁን።

ከሰል በጭራሽ ክፍሏ ውስጥ አታስገቡ። ብርድ ሲሆን እጃችን ወደ ማንደጃው ይሄዳል። የከሰል ጭስ ለሰውም አደገኛ ነው፣ ለዚህች ትንሽ ሳንባ ደግሞ ይብሳል። ቡና ሲፈላም እጣኑ ወደ ሌላ ክፍል ይሁን። ፍሊትም በቤቱ ውስጥ አይነፋ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ማደንዘዣ ከእስስት ሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለሰዓታት ፈዛ ልትቆይ ትችላለች። ቅርንጫፍ ላይ አታውጧት። በእግሯ አጥብቃ መያዝ እስክትጀምር ወለሉ ላይ፣ ለስላሳ ጨርቅ ላይ ትተኛ። ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ዝቅ እንዳይል አስተካክሉላት። ውሃም ምግብም አፏ ውስጥ አታድርጉ። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ስለሆነ ያልነቃች እስስት በቀላሉ ትታነቃለች።

በየሰዓቱ እያነሳችሁ አትዩዋት። የእጅ ስልካችሁን መብራት ከሩቅ አብርታችሁ ጎኗ ከፍ ዝቅ ሲል ካያችሁ በቂ ነው።

ውሃ

እስስት ከሳህን ውሃ አትጠጣም። ቅጠል ላይ ያለ፣ የሚንቀሳቀስና የሚያብረቀርቅ ጠብታ ትልሳለች። ሳህን አስቀምጦ «ውሃ አላት» ብሎ መተማመን ብዙ እስስት ያስጠማ ስሕተት ነው።

ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን በቀጭን መርፌ ብሱና ከሳጥኑ ላይ አንጠልጥሉት፤ ቅጠሉ ላይ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ጠብታ ይውደቅ። የግሉኮስ መስመር ካገኛችሁ ደግሞ ፍጥነቱን መቆጣጠር ትችላላችሁ። ከታች መቀበያ አድርጉ፤ ወለሉ እንዳይረጥብ። ጠዋት እና ከሰዓት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አንጠባጥቡላት። አንዳንዷ ለመጀመር ሃያ ደቂቃ ትፈጃለች። ታገሷት፣ ፊት ለፊቷም አትቁሙ። ሰው ሲያያት አትጠጣም።

ጠብታው ስፌቱ ላይ እንዳይወርድ ቅጠሉን ከራሷ በኩል አድርጉት። በስፕሬይ መርጨቱም ቁስሉ እስኪደርቅ ይቅር። ገንዳ ውስጥ መንከርማ ፈጽሞ አይሆንም።

ካልጠጣች መርፌው የወለቀ የኢንሱሊን ስሪንጅ ያዙና አንድ ጠብታ ከንፈሯ ጫፍ ላይ አኑሩ። ከላሰች ሌላ ጨምሩ። አፏን በግድ አትክፈቱ። በዚህም እምቢ ካለች ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠት የሐኪም ሥራ ነው።

መጠጣቷን የምታውቁት ከሽንቷ ነው። የእስስት ሽንት ጠጣር ክፍል አለው። ነጭ ከሆነ ደህና ናት። ወደ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሄደ ጠምቷታል። ዓይኗ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ጥማቱ በርትቷል።

መድኃኒትና ቁስል

የተሳቢ እንስሳት መድኃኒት አሰጣጥ ለእኛ እንግዳ ነው። ለምሳሌ ሴፍታዚዲም የሚባለው አንቲባዮቲክ ለብዙዎቹ የሚሰጠው በየ72 ሰዓቱ ነው። «በየሦስት ቀኑ ብቻ?» ብላችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ። መድኃኒቱ ከሰውነታቸው የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው። መርፌውም አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው የሰውነት ክፍል፣ በፊት እግር በኩል ይወጋል። ከኋላ የሚመለሰው ደም በኩላሊት በኩል የሚያልፍበት መንገድ ስላለ ነው። በየት እንደሚወጋ ሐኪሙ ፊት አንድ ጊዜ ሠርታችሁ አሳዩት። ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ከሆነ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ አስቡበት።

የሰው ማስታገሻ አትስጡ። ፓራሲታሞልም፣ አይቡፕሮፌንም አይሆንም። ሕመም እንዳለባት ከጠረጠራችሁ ሐኪሙን ለእሷ የሚሆን ማስታገሻ ጠይቁ።

ቁስሉን በቀን አንድ ጊዜ እዩት፤ ከተቻለ ሳትነኳት። ሐኪሙ አጽዱ ካለ ቤታዲኑን በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል አቅጥኑት፣ ጥጥ ነክራችሁ ሳትፈትጉ ነካ ነካ አድርጉት። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አዲሱን ሥጋ ይጎዳሉ። የተፈጨ ቡና፣ ቅቤ፣ ፌጦ አይነስነስበት። እናቶቻችን ለእኛ ቁስል በፍቅር ያደረጉትን አውቃለሁ፤ ለእሷ ግን ቆሻሻና ሽፋን ይሆናል እንጂ አይበጅም።

የእስስት መግል እንደ ሰው አይፈስም። ጠጥሮ እብጠት ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ «አልመገለም» ብላችሁ እብጠቱን ችላ አትበሉት። እብጠት በየቀኑ ካደገ ተመልሳችሁ ሂዱ። ቆዳዋን በምትቀይርበት ጊዜ ደግሞ አሮጌው ቆዳ ስፌቱ ላይ ይንጠለጠላል። አትላጡት። ከእሱ ጋር ክሩም አዲሱም ቆዳ ይነሳል።

ምግብ

አትቸኩሉ። ስትገባ ባዶ አጥንት ካልነበረች ለሁለትና ሦስት ቀን አለመብላቷ አያሳስብ። ቀድማ ትሙቅ፣ ትጠጣ፣ ሽንቷ ነጭ ይሁን። ከዚያ ሐኪሙ በፈቀደው ቀን ጀምሩ።

መጀመሪያ ትንንሽና ለስላሳ ነፍሳት ይሁኑ፦ ዝንብ፣ ፀጉር የሌላት ትንሽ የእሳት እራት፣ ግልገል ፌንጣ። መጠኑ በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ጸጉራም አባጨጓሬ አይሰጥም። ፌንጣውን ከየት እንዳመጣችሁ እወቁ። መድኃኒት ከተረጨ የአትክልት ማሳ ወይም ፍሊት ከተነፋበት ቤት የተያዘ ነፍሳት መርዙን ይዞ ይመጣል። የአንበጣ መንጋ ሲመጣም ርጭት ስለሚኖር ከዚያ አትልቀሙ። ከግቢያችሁ ሣር መያዝ ይሻላል።

ነፍሳቱን በመቆንጠጫ ይዛችሁ ከፊቷ በዝግታ አንቀሳቅሱ፤ ወይም በቅርብ በተቀመጠ ጎድጓዳ ስኒ ውስጥ አድርጉ። ያልበላችውን ማታ አውጡ። ይህ ቀላል የሚመስል ግን ከባድ ጉዳይ ነው። የተራበ ፌንጣ ሌሊት የተኛችን እስስት ቁስል ይነክሳል።

ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ በተለይ እንቁላል ከውስጧ በቀዶ ጥገና ከወጣ። የተዘጋጀ ዱቄት ካጣችሁ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ እንደ በርበሬ ሳይሆን ልሞ እስኪጠፋ ፍጩትና ነፍሳቱን አንከባልሉበት። ሥጋ፣ ወተት፣ ዳቦ ግን ምግቧ አይደሉም።

አፏን ከፍታችሁ በግድ ማብላት የመጨረሻ አማራጭ ነው። ምላሷ ሊጎዳ፣ መንጋጋዋ ሊሰበር ይችላል። ሐኪም ሳያሳያችሁ አትሞክሩ።

በሁለት ቀን አንዴ መዝኗት። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ለዚህ የተመቸች ናት። ቅርንጫፏን ከነእሷ አስቀምጡ፣ የቅርንጫፉን ክብደት ቀንሱ። ከመጀመሪያው ክብደቷ ከአሥር አንድ እጅ ከጠፋ ለሐኪሙ ደውሉ።

ፀሐይ

በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ካልሲየም እንድትጠቀም የሚረዳትን ጨረር አያሳልፍም። ስለዚህ ወደ ውጭ ትውጣ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ከሳጥኗ ጋር ለ20 ደቂቃ ያህል አውጧት። ግማሹ ሳጥን ጥላ ይኑረው። በመስታወት ወይም በተዘጋ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ በደቂቃዎች ይገድላታል። አጠገቧ ተቀመጡ፤ ድመት፣ ዶሮና ጭልፊት ሁሉ ያዩዋታል።

ቀለሟንና ጠባይዋን ማንበብ

ቀለሟ ብዙ ይናገራል፤ ግን በችኮላ አትተርጉሙት። ጠዋት ፀሐይ ላይ አንዱ ጎኗ ቢጠቁር እየሞቀች ነው። ሌሊት ቀለሟ ቢገረጣና ጅራቷን ጠቅልላ ዓይኗን ብትጨፍን ጤናማ እንቅልፍ ነው። ሰው ሲቀርብ ብትጠቁር ፈርታለች። ሞቃ፣ ብቻዋን ሆና፣ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሆና ከቆየች ግን በሽታ ወይም ማስታገሻ የሚያስፈልገው ሕመም አለባት። ጠባሳው ላይ ቀለም የመለወጥ ችሎታዋ ላይመለስ ይችላል። እሱ አያስጨንቃችሁ።

እኔ ከቀለሟ ይልቅ ዓይኗንና እግሯን አምናለሁ። ሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ እየዞሩ አካባቢውን ከቃኙ፣ እግሯ ቅርንጫፉን አጥብቆ ከያዘ በጥሩ መንገድ ላይ ናት።

እነዚህን ካያችሁ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፦ ቀን ዓይን መጨፈን፣ ከቅርንጫፍ መውደቅ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አፍ ውስጥ ዝልግልግ አክታ፣ የስፌት መፈታት፣ ከቁስሉ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁረት ወይም መጥፎ ሽታ። አፍ መክፈቱ ሙቀት በዝቶባት ሊሆንም ስለሚችል መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ። እስስት ሕመሟን ትደብቃለች። ምልክቱ ለእኛ እስኪታይ ድረስ ብዙ ታግሳለች ማለት ነው።

እግር የተቆረጠባት ከሆነች ቅርንጫፎቹን ሁለትና ሦስት አድርጋችሁ ጎን ለጎን አቀራርቡላት፤ ብዙዎቹ በሦስት እግር መውጣት ይለምዳሉ። አንድ ዓይኗ የወጣ ከሆነ ምግቡን ሁልጊዜ በደህናው ዓይን በኩል አቅርቡ። ምላሷ የተነካ ከሆነ ግን ርቀት ላይ ያለ ነፍሳት መያዝ ላትችል ስለምትችል ከከንፈሯ አጠገብ መስጠት ይኖርባችኋል፤ ምናልባትም ለሁልጊዜ።

ቤተሰብና ጎረቤት

እስስት ቤት ውስጥ መኖሯ ሰው ያስደነግጣል። «ኧረ ልጄ፣ መርዝ አላት፣ አውጣልኝ» የሚሉ እናቶች አሉ። በትሕትና አስረዷቸው። እስስት መርዝ የላትም። ግን ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ እሷን ወይም ወረቀቷን የነካ ሰው በሳሙና ይታጠብ፣ ሳጥኗ ከማድ ቤት ይራቅ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይንኳት። አንድ ሰው ብቻ ይንከባከባት። ለማንሳት ሲያስፈልግ ከላይ አትጨብጧት፤ እጃችሁን ከፊት እግሯ በታች አድርጉና ራሷ ትውጣበት።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ

ስፌቱን ሐኪሙ ያውጣው። ከዚያ በኋላ ቅርንጫፉን በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ የሌሊቱንም ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው መልሱ።

ከዱር የመጣች ከሆነች አንድ ጉዳይ ይቀራል። በሕጉ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ከመጀመሪያውኑ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሮ አሳውቁና ምክራቸውን ተከተሉ። በራሷ አድና የምትበላ፣ ክብደቷ የተመለሰ፣ አጥብቃ የምትይዝ ከሆነችና ቢሮው ከተስማማ ትለቀቅ። ቦታው የተገኘችበት አካባቢ ይሁን፤ አንገረብ ዳር የተገኘችን አዘዞ ወስዶ መጣል አይገባም። ዝናብና ብርድ ያልበዛበት ቀን ምረጡ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ከመንገድና ከቤት ራቅ ያለ ቅጠላም ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጧት፤ ከመምሸቱ በፊት ለመሞቅና መደበቂያ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራታል።